ከጣና ዳር ወደ ኢንካ መንገድ፦ ለአራት ቀኑ የአንዲስ የእግር ጉዞ አዘገጃጀት

ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። በደቡብ አሜሪካዋ ፔሩ፣ በአንዲስ ተራሮች ላይ ያለችው የኢንካዎች፣ ማለትም የጥንቶቹ የአካባቢው ገዢዎች፣ ከተማ ማቹ ፒቹ በ2,430 ሜትር፣ ተጓዦች የሚሰባሰቡባት ኩስኮ በ3,400 ሜትር፣ ወደ ማቹ ፒቹ የሚወስደው የድንጋይ መንገድ የሚያቋርጠው ከፍተኛው የተራራ በር ደግሞ በ4,215 ሜትር ላይ ይገኛሉ። እነዚህን ቁጥሮች ጎን ለጎን አስቀምጦ ያየ ሰው የዝግጅቱ ዋና ሥራ ምን እንደሆነ ወዲያው ይገባዋል። ብዙዎቻችን የደጋ አገር ሰዎች ነን ብለን ከፍታን እንንቃለን፤ ይሁን እንጂ የጣና ዳር ነዋሪ አካል የለመደው የወይና ደጋውን አየር ነው፤ የጉዞው ሁለተኛ ቀን ግን የሚያልፈው እኛ ውርጭ በምንለው፣ ገብስ እንኳ በማይበቅልበት ከፍታ ላይ ነው።

ይህ መመሪያ የተጻፈው ከባሕር ዳር ወይም ከጣና ዙሪያ ከተሞች ተነሥቶ በፔሩ የሚገኘውን የአራት ቀን የኢንካ መንገድ ለመጨረስ ለሚያስብ ጤናማ ጎልማሳ ነው። መንገዱ ከኩስኮ ወደ ማቹ ፒቹ በሚያቀናው የባቡር ሐዲድ ላይ ኪሎ ሜትር 82 ከሚባለው ቦታ ይጀምርና 43 ኪሎ ሜትር ያህል ይዘልቃል። ርቀቱ ብቻውን የሚያስፈራ አይደለም፤ ለገበያ ብሎ በአንድ ቀን የዚህን ግማሽ የሚሄድ ገበሬ በአገራችን ብዙ ነው። የሚያደክመው በአንድ ቀን ከ1,000 ሜትር በላይ መውጣቱ፣ በማግስቱ ደግሞ ያንኑ የሚያህል ከፍታ በድንጋይ ደረጃ መውረዱ፣ ይህም ሁሉ በሳሳ አየር ውስጥ መሆኑ ነው።

በዚያው አካባቢ ሌሎች መንገዶችም አሉ። የሳልካንታይ መንገድ 6,271 ሜትር ከፍታ ባለው በረዶ የለበሰ ተራራ ሥር አልፎ ከ4,600 ሜትር በላይ ያለ በር ያቋርጣል፤ እንደ ኢንካ መንገድ ባለ የቁጥር ገደብ አይታጠርም፤ በመንገዱ ላይ የሚታዩት የኢንካ ፍርስራሾች ግን ጥቂት ናቸው። ቾኬኪራው ወደተባለችው ሌላ የኢንካ ፍርስራሽ ከተማ የሚወስደው ደግሞ እስከ አፑሪማክ ወንዝ፣ ማለትም እስከ 1,500 ሜትር ገደማ ወርዶ በማዶው ወደ 3,000 ሜትር የሚወጣ ስለሆነ፣ የዓባይን በረሃ ከጎሐ ጽዮን ወደ ደጀን በእግር ተሻግሮ እንደገና በዚያው እንደ መመለስ ያለ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ አንዲስ ለሚሄድ ሰው እኔ የኢንካ መንገድን እመርጣለሁ፤ ከፍርስራሽ ወደ ፍርስራሽ እያሸጋገረ፣ ኢንካዎች ራሳቸው ባነጠፉት ድንጋይ ላይ እያስኬደ እስከ ማቹ ፒቹ የሚያደርሰው እርሱ ነውና።

ወቅትና ወረቀት

የአንዲስ ደረቅ ወቅት ከሞላ ጎደል ከግንቦት እስከ መስከረም ነው። በሌላ አነጋገር፣ ጣና ላይ ሐምሌና ነሐሴ ሲዘንብ የኢንካ መንገድ ደረቅ ነው፤ በዚያ ዝናቡ የሚበረታው ደግሞ በእኛ በጋ፣ በተለይም ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ነው። መንገዱ በፈረንጆቹ ፌብሩዋሪ፣ በእኛ አቆጣጠር ከጥር 24 ገደማ እስከ የካቲት 21 ገደማ፣ ለጥገና ይዘጋል። ይህ የወቅቶች ተቃራኒነት ለልምምዱም ትርጉም አለው። ነሐሴ ላይ ለመሄድ ያቀደ ሰው የመጨረሻዎቹን ወሳኝ ሳምንታት በሰኔና በሐምሌ ጭቃ ውስጥ ይለማመዳል፤ ግንቦት መጨረሻ ላይ የሚሄድ ግን ልምምዱን በበጋ ጨርሶ፣ ዝናቡ ገና በወጣበትና ሣሩ ባልደረቀበት ጊዜ ይደርሳል። ለጣና ዳር ሰው ግንቦት ከሁሉ የተሻለ ወር ይመስለኛል።

ወደ መንገዱ ያለ ፈቃድና ፈቃድ ካለው አስጎብኚ ድርጅት ውጭ መግባት አይቻልም። በቀን የሚገባው ሰው አስጎብኚዎችንና ጓዝ ተሸካሚዎችን ጨምሮ በ500 የተወሰነ ስለሆነ ለተጓዦች የሚተርፈው 200 ያህል ቦታ ብቻ ነው። ለደረቁ ወቅት ከአምስት ወይም ከስድስት ወር በፊት መያዝ ያስፈልጋል። ፈቃዱ የሚወጣው በፓስፖርት ስምና ቁጥር ሲሆን ለሌላ ሰው አይተላለፍም፤ ፓስፖርትዎ ሊያልቅ የተቃረበ ከሆነ ፈቃዱን ከመያዝዎ በፊት ያሳድሱት፤ በመግቢያው ኬላ ላይም የሚታየው ፎቶ ኮፒው ሳይሆን ዋናው ነው።

የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው ለፔሩ አስቀድሞ ቪዛ ማውጣት ይኖርበታል። እዚህ ላይ አንድ እንቅፋት አለ። ባንኮች ለተጓዥ የውጭ ምንዛሪ ሲሸጡ በአብዛኛው ፓስፖርት፣ ቪዛና የአውሮፕላን ትኬት ይጠይቃሉ፤ የመንገዱ ቀብድ ግን ከቪዛው በፊት መከፈል አለበት። ስለዚህ አስጎብኚ ድርጅቱን ስለ ዋጋው ከመጠየቅዎ በፊት ስለ ቀብዱ መጠንና ቪዛ ቢከለከሉ ስለሚመለሰው ገንዘብ በጽሑፍ ይጠይቁ። በጉዞው በኩል የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከአዲስ አበባ ወደ ሳኦ ፓውሎ ስለሚበር ከዚያ ወደ ሊማ መቀጠል አንዱ አማራጭ ነው፤ የመሸጋገሪያውን አገር የቪዛ ደንብ ትኬት ከመቁረጥዎ በፊት ያረጋግጡ፤ የቢጫ ወባ ክትባት ካርድዎንም ከፓስፖርትዎ አይለዩት።

ልምምድ በጣና ዙሪያ

ባሕር ዳር ሜዳ ናት። በዘንባባው ጥላ ሥር በሐይቁ ዳር መሮጥ ለልብና ለትንፋሽ ይጠቅማል፤ ቁልቁለት የሚሸከመውን የጭን ጡንቻና ጉልበት ግን አያሠለጥንም። የኢንካ መንገድን ጀምረው የሚሰቃዩ ሰዎች ብዙውን ጊዜ የሚሰቃዩት በሁለተኛው ቀን ዳገት ብቻ አይደለም፤ በሦስተኛው ቀን ቁልቁለት ላይ እያንዳንዱ ደረጃ ጉልበታቸውን ይመታዋል። ስለዚህ ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ ደረጃ ይፈልጉ። አራትና አምስት ፎቅ ያለው ማንኛውም ሕንፃ ይበቃል። በዝግታ ይውጡ፤ ሲወርዱ ደግሞ ተረከዝዎን ሳይጥሉ፣ ጉልበትዎን ጥቂት አጠፍ አድርገው፣ ድምፅ ሳያሰሙ ይውረዱ። ድምፅ የሚያሰማ እግር ክብደቱን በጡንቻ ሳይሆን በአጥንት የሚቀበል እግር ነው። በደረጃው ከተሰላቹ ወደ ቤዛዊት ኮረብታ የሚወስደው መንገድ አለልዎ፤ ማለዳ ላይ ዓባይን ቁልቁል እያዩ ደጋግሞ መውጣትና መውረድ ከሕንፃ ውስጥ ይልቅ ልብ ያሳርፋል።

ስድስት ወር ቢኖርዎ ጥሩ ነው፤ ከአራት ወር በታች ግን አልመክርም። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት በሳምንት ሦስት ቀን የአንድ ሰዓት ፈጣን እርምጃና አንድ ቀን የሁለት ወይም የሦስት ሰዓት ጉዞ ይበቃል። ከዚያ በኋላ የጀርባ ቦርሳ ውስጥ ውኃ የተሞላ ጠርሙስ እየጨመሩ እስከ ስድስትና ሰባት ኪሎ ያድርሱት፤ ክብደቱን በድንጋይ ሳይሆን በውኃ ማድረጉ ጉልበት ሲያም አፍስሶ ለመመለስ ያስችላል። ረጅሙን ጉዞ ወደ ዘጌ ልሳነ ምድር ይውሰዱት። በቡናው ደን ውስጥ ከገዳም ወደ ገዳም፣ ከዑራ ኪዳነ ምሕረት ወደ አዝዋ ማርያም በሚያደርሰው የእግር መንገድ ላይ የሚያጋጥመው ሥርና ድንጋይ ቁርጭምጭሚትን ያነቃዋል፤ አዲስ ቡት ጫማም የሚፈተነው በእንደዚህ ያለ ቦታ ነው። በሌላ ሳምንት ወደ ጢስ ዓባይ፣ በፏፏቴው ዙሪያ ያለውን ወጣ ገባ መንገድ ይሂዱ። ከአራተኛው ወር ጀምሮ ዋናው ነገር የአንዱ ቀን ርዝመት ሳይሆን የሁለት ቀን መደራረብ ነው፤ ቅዳሜ አምስት ሰዓት ተጉዞ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ እግር ገና ሳያገግም፣ ሦስት ሰዓት መድገም አካልን ለተከታታይ ቀናት ድካም ያዘጋጀዋል።

ከፍታውን በተመለከተ ሁለት ቦታዎች አሉን። አንደኛው በደብረ ታቦር አቅጣጫ ያለው የጉና ተራራ ሲሆን ጫፉ ከ4,100 ሜትር በላይ ነው፤ ይህም ከኢንካ መንገድ ከፍተኛ በር ጋር የሚቀራረብ ነው። ደብረ ታቦር ላይ አድሮ በማግስቱ ጉና ላይ ወጥቶ መመለስ ሰውነት ለሳሳ አየር የሚሰጠውን ምላሽ ያሳያል። ሁለተኛውና የተሻለው የሰሜን ተራሮች ነው። ከሳንቃበር ወደ ግጭ፣ ከግጭ ወደ ጨነቅ፣ ከጨነቅ 4,430 ሜትር ወደሚደርሰው ቧሂት የሚደረገው ጉዞ በ3,200 እና በ3,600 ሜትር መካከል እያደሩ ከፍ ያለ ቦታ ላይ መዋልን ስለሚያስለምድ፣ ለአንዲሱ ጉዞ ከዚህ የሚቀርብ መለማመጃ በአገራችን አላውቅም። ለሁለቱም ከመነሣትዎ በፊት የመንገዱን ጸጥታ ከአካባቢው ሰዎችና ከሚመለከተው መሥሪያ ቤት ይጠይቁ፤ ሁኔታው አመቺ ካልሆነ ደረጃውና ዘጌ ይበቃሉ፤ ለልምምድ ሲባል አደጋ ውስጥ አይገባም።

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ የተሳሳተ ግምት ማንሣት ያስፈልጋል። ሰሜን ተራሮች ላይ የተገኘው መላመድ ወደ ቤት ከተመለሱ በኋላ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ እየጠፋ ይሄዳል። ስለዚህ የጉናም ሆነ የሰሜን ጉዞ ለአንዲስ የሚሆን ስንቅ አይደለም፤ ጥቅሙ ራስዎን ማወቅ ነው፦ ራስ ምታት ይጀምርዎታል ወይ? ምግብ ይዘጋዎታል ወይ? በየትኛው እርምጃ ነው ሳይቋረጥ መተንፈስ የሚችሉት?

ከፍታውን ማክበር

በ4,200 ሜትር ላይ የአየር ግፊት በባሕር ወለል ላይ ካለው 60 በመቶ ገደማ ነው። ሰውነት በመጀመሪያዎቹ ቀናት ቶሎ ቶሎ በመተንፈስ፣ በሳምንታት ውስጥ ደግሞ ተጨማሪ ቀይ የደም ሕዋስ በመሥራት ይላመዳል፤ ለዚህ የሚያስፈልገውን ጊዜ ጉብዝና አያሳጥረውም። እንዲያውም ጠንካራ ወጣቶች ፈጥነው ስለሚወጡ ብዙ ጊዜ ቀድመው ይታመማሉ።

ሊማ የባሕር ዳርቻ ከተማ ናት፤ ከእርሷ ወደ ኩስኮ የሚደረገው በረራ ከአንድ ሰዓት ትንሽ ቢበልጥ ነው። በዚህ አጭር ጊዜ 3,400 ሜትር መውጣት ለአካል ድንጋጤ ነው። ስለዚህ ከኩስኮ አውሮፕላን ማረፊያ በቀጥታ በመኪና 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ወዳለችው ኦያንታይታምቦ ወርደው ሁለት ሌሊት ይደሩ፤ ከዚያ ወደ ኩስኮ ተመልሰው ሌላ ሁለት ሌሊት ይጨምሩ፤ ከዚያ በኋላ ጉዞውን ይጀምሩ። በገንዘብም በዕረፍት ቀንም በኩል እነዚህን ሌሊቶች መቁረጥ የሚያጓጓ ቢሆንም፣ ከጠቅላላው ወጪ ላይ የሚቀነስ ነገር ከተገኘ ከሌላ ቦታ ይቀነስ። ከ3,000 ሜትር በላይ የሚታወቀው መመሪያ የማደሪያን ከፍታ በአንድ ሌሊት ከ500 ሜትር በላይ አለማሳደግ ነው።

አሴታዞላማይድ የተባለው መድኃኒት መላመድን ያፋጥናል። ለመከላከል በብዛት የሚታዘዘው 125 ሚሊ ግራም በቀን ሁለት ጊዜ፣ ከመውጣት አንድ ቀን አስቀድሞ ጀምሮ ነው። ሽንት ያበዛል፣ ጣትንም ያደነዝዛል፤ የሰልፋ መድኃኒት አለርጂ ላለበት፣ ለነፍሰ ጡርና የኩላሊት ችግር ላለበት ሰው ያለ ሐኪም ምክር የሚወሰድ አይደለም። የደም ግፊት፣ የስኳርና የልብ መድኃኒት የሚወስድ ሰውም ከሐኪሙ ጋር ሳይመካከር ጉዞውን አያስብ። በኩስኮ ሆቴሎች የሚቀርበው የኮካ ቅጠል ሻይ በፔሩ ሕጋዊ ነው፤ ቅጠሉን በሻንጣ ይዞ ወደ ሌላ አገር መግባት ግን በአብዛኛው በወንጀል ያስጠይቃል፤ ለማስታወሻ እንኳ ቢሆን አይያዙት።

ራስ ምታት ከማቅለሽለሽ፣ ከማዞር ወይም ከከባድ ድካም ጋር ከመጣ የከፍታ ሕመም ነው ብለው ይያዙትና እስኪተውዎት ድረስ ከፍ አይበሉ። ተቀምጦ እያለ የሚያፍን ትንፋሽ፣ መወላገድ ወይም ግራ መጋባት ከታየ ግን ሌሊትም ቢሆን ወዲያው መውረድ የግድ ነው። መወላገዱን ለመለየት ታማሚውን በቀጥታ መስመር ላይ ተረከዙን ከሌላው እግር ጣት እያገጠመ ያስኬዱት፤ ሚዛኑን ከሳተ ጊዜ አይባክን። በኢንካ መንገድ ላይ ውሳኔው የሚደረግበት ቦታም አስቀድሞ ይታወቃል። ከከፍተኛው በር በፊት ያለ ሰው ወደመጣበት፣ የመጀመሪያው ሌሊት ማደሪያ ወደሆነው ወደ ዋይያባምባ መመለስ ይችላል፤ በሩን ካለፈ በኋላ ግን ወደፊትም ወደኋላም ዳገት ይጠብቀዋል። የሁለተኛውን ቀን ማለዳ ስለዚህ ለራስዎ በሐቅ የሚመልሱበት ሰዓት ያድርጉት።

ጓዝና ምግብ

ጋቢዎን ቤት ይተዉት። ከባድ ነው፤ ከረጠበም አይሞቅም፤ የጥጥ ካናቴራና ጂንስም እንዲሁ ናቸው። በሰኔና በሐምሌ ሌሊቶች ቅዝቃዜው ዜሮ ሊደርስ ስለሚችል ቶሎ የሚደርቅ የውስጥ ልብስ፣ የሱፍ ሹራብ፣ ንፋስና ዝናብ የማያስገባ ካፖርት፣ ኮፍያና ጓንት፣ እንዲሁም ሞቅ ያለ ስሊፒንግ ባግ ያስፈልጋሉ። ስሊፒንግ ባጉን ከአስጎብኚው መከራየት ይቻላል፤ ጫማ ግን ከራስ እግር ጋር የተዋወቀ መሆን አለበት። የሚታጠፍ ምርኩዝ ጥንድ ቢሆን ለቁልቁለቱ ትልቅ እርዳታ ነው፤ የብረት ጫፉ ድንጋዩን እንዳይጎዳ የጎማ ቆብ ማድረግ ግዴታ ነው። በግንባር ላይ የሚታሰር ባትሪ፣ የፀሐይ ቅባትና ለውኃ መቋጠር የሚሆን ፕላስተር አይርሱ።

በሕጉ መሠረት አንድ ተሸካሚ የሚይዘው ከ20 ኪሎ መብለጥ የለበትም፤ ከዚህ ውስጥ ለአንድ ተጓዥ የሚመደበው በአብዛኛው ሰባት ኪሎ ያህል ነው። ዋጋው ከሌሎች እጅግ የረከሰ ድርጅት ካጋጠመዎ ቅናሹ የመጣው ከማን ደመወዝና ከማን ድንኳን እንደሆነ ይጠይቁ። ለተሸካሚዎች የሚሰጠውን ጉርሻ በፔሩ ሶል፣ በትንንሽ ኖት አዘጋጅተው ይያዙ።

ጾመ ሐዋርያትና ፍልሰታ በደረቁ ወቅት ውስጥ ይውላሉ። የምግቡ ዓይነት አያስቸግርም፤ ድንች፣ በቆሎ፣ ኪኑዋ የተባለው ደቃቅ እህልና ባቄላ የአንዲስ ዋና ምግቦች ናቸውና። ነገር ግን ሥጋ አልበላም ማለት ብቻ አይበቃም፤ ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤ፣ አይብና እንቁላል እያሉ አንድ በአንድ በጽሑፍ ያስታውቁ። የሚያስቸግረው ሰዓቱ ነው፤ በሁለተኛው ቀን ዳገት ላይ እህል ውኃ ሳይቀምሱ እስከ ዘጠኝ ሰዓት መቆየት አደገኛ ስለሆነ ስለዚህ ጉዳይ ከመነሣትዎ በፊት ከንስሐ አባትዎ ጋር ይነጋገሩ። ከቤት የሚያዝ ስንቅ ካስፈለገ በሶ ከሁሉ ይበልጣል፤ ቀላል ነው፣ አይበላሽም፣ በቀዝቃዛ ውኃም ይበጠበጣል። የእህል ውጤት በሻንጣ ሲኖር ሊማ ላይ ለጉምሩክ ማስታወቅ ይገባል።

መንገዱ ላይ

የመጀመሪያው ቀን የዋህ ነው፤ በወንዙ ዳር አልፎ፣ ከበላይ ሆኖ ፓታያክታ የተባለውን የኢንካ ፍርስራሽ እርከኖች አሳይቶ በ3,000 ሜትር ገደማ ላይ ያሳድራል። በዚህ ቀን መፍጠን ከንቱ ነው።

በሁለተኛው ቀን ወደ ዋርሚዋኙስካ፣ ማለትም 4,215 ሜትር ላይ ወዳለው ከፍተኛው በር፣ መውጣት ይመጣል። እርምጃዎን ከትንፋሽዎ ጋር ያስተካክሉ፤ ከጎንዎ ካለው ሰው ጋር ሙሉ ዓረፍተ ነገር መናገር ካቃተዎት ፈጥነዋል ማለት ነው። ብዙ ጊዜ ቆሞ ረጅም ከማረፍ ይልቅ ሳይቆሙ በጣም ቀስ ብሎ መሄድ ይሻላል። ከበሩ በኋላ እስከ ፓካይማዮ፣ ማለትም እስከ 3,600 ሜትር ገደማ፣ ይወረዳል።

ሦስተኛው ቀን ረጅሙም ውቡም ነው። ክቡን የሩንኩራካይ ሕንፃና ሁለተኛውን በር አልፎ፣ በገደል አፋፍ ላይ ወደ ተሠራችው ሳያክማርካ፣ ከዚያም ወደ ፑዩፓታማርካና የውኃ ገንዳዎቿ ያደርሳል፤ ከእርሷ በኋላ 1,000 ሜትር ያህል ከፍታ በደረጃ ይወረዳል። በቤዛዊትና በፎቅ ደረጃ የደከሙበት ሁሉ የሚፈለገው እዚህ ነው። ማደሪያው አጠገብ ያለችውን ዊኛይ ዋይናን ደክሞኛል ብለው አይዝለሏት፤ ቁልቁል የተደረደሩት እርከኖቿና እስካሁን የሚፈሱት የውኃ ቦዮቿ ብዙ ተጓዦች ሳያዩአቸው የሚያልፉ ናቸው፤ በእኔ አመለካከት ከማቹ ፒቹ ራሷ ብዙም አታንስም።

ፍርስራሾቹን ሲያዩ ግንቡን በቅርብ ይመልከቱ። የጎንደር አብያተ መንግሥታትም ሆኑ በጢስ ዓባይ ያለው አሮጌ ድልድይ ድንጋያቸው የተያያዘው በኖራ ነው፤ ኢንካዎች ግን ለተራው ቤት ጭቃ እየተጠቀሙ፣ ለቤተ መቅደስና ለገዢ ቤት ድንጋዩን ያለ ምንም ማያያዣ አስተካክለው ይገጥሙ ነበር። ስለዚህ የግድግዳው አሠራር ብቻ የሕንፃውን ማዕረግ ይነግራል። ማቹ ፒቹ የተሠራችው በ15ኛው መቶ ዓመት፣ በኢንካው ንጉሥ በፓቻኩቲ ዘመን እንደሆነ ይታመናል፤ ይህም ዐፅማቸው በዳጋ እስጢፋኖስ ያረፈው ዓፄ ዘርዐ ያዕቆብ በኢትዮጵያ የነገሡበት ዘመን ነው። አሜሪካዊው አሳሽ ሂራም ቢንግሃም እ.ኤ.አ. በ1911 ለውጭው ዓለም እስኪያስተዋውቃት ድረስ የአካባቢው ገበሬዎች ያውቋት ነበር። በድንጋዮቹ ላይ መደገፍም ሆነ መውጣት ክልክል ነው።

በአራተኛው ቀን ጎሕ ሳይቀድ ይነሣሉ። አስጎብኚው አምስት ሰዓት ተኩል ቢል በእኛ አቆጣጠር ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል ማለቱ ነው፤ ለዚያን ዕለት እንኳ ሰዓትዎን በእነርሱ ያድርጉ። በኬላው ካለፉ በኋላ ኢንቲፑንኩ (የፀሐይ በር) እስከሚባለው የማቹ ፒቹ መግቢያ ድረስ ያለው መንገድ ጠባብና ጠርዙ ገደል ስለሆነ መሽቀዳደም አይገባም። ወደ ማቹ ፒቹ ከ40 በ35 በ20 ሴንቲ ሜትር የሚበልጥ ቦርሳ ስለማይገባ ትልቁን መግቢያው ላይ ያስቀምጡ። ከጉብኝቱ በኋላ ከተራራው ሥር ወዳለችው የባቡር ከተማ ወደ አጉዋስ ካሊየንቴስ በአውቶቡስ ይውረዱ፤ በእግርም ይቻላል፣ ነገር ግን ከሦስት ቀን ደረጃ በኋላ ሌላ 400 ሜትር ደረጃ ለጉልበት ግፍ ነው። የመመለሻ ባቡር ትኬትዎን ለከሰዓት በኋላ ዘግየት አድርገው ይያዙ፤ የሚቀጥለውንም የሊማ በረራ በዚያው ቀን አያድርጉት፤ ባቡሩ ቢዘገይ ከኦያንታይታምቦ እስከ ኩስኮ ገና የመኪና መንገድ ይቀራል።